አሥራ ሁለት በዘጠኝ

ትዕዛዙ የሞተው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በገዛ አልጋው ላይ ነው። ሚስቱ እታለማሁ መድኃኒት ልትገዛ እንጅባራ ወርዳ ስትመለስ፣ ባሏ ፊቱን ነጠላ ለብሶ ተኝቷል። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ድምፅ ሳታሰማ እሳት አያያዘች፤ አጥሚት አሞቀች። ሳይቀዘቅዝ ይጠጣው ብላ ነጠላውን ስትገልጥ፣ ከአፍንጫውና ከግራ ቅንድቡ ሥር ደም ወርዶ ደርቋል። እጁ በርዷል። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ።

ከለቀስተኛው ማንም «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ሰኞ ዕለት የጎረቤቱ ልጅ ክንዴ ፊቱን በቡጢ መትቶት ነበርና። ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነው፣ ፊቱ ጠቁሮ አምስት ቀን ተኝቷል። «ስብራቱ ውስጥ ለውስጥ ገደለው» አሉ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሰው መልስ ካገኘ ጥያቄ አይወድም፤ ፖሊስም ሰው ነው።

ክንዴ ከሰኞ ጀምሮ በአካል ጉዳት ታስሮ ነበር። ቅዳሜ ማታ ነፍሰ ገዳይ ሆነ።

የዞኑ ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር ስሜነሽ መዝገቡ የደረሳት በሦስተኛው ቀን ሰኞ፣ ትዕዛዙ ከተቀበረ በኋላ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ድገሙልኝ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ምስክር አንድ ነገር ሲነግራት ሁለተኛ ካላስነገረችው አትጽፍም። ስሙን ታውቀዋለች፤ አትቀየምም።

«ረቡዕ ፍርድ ቤት እንቀርባለን» አላት አለቃዋ ኮማንደር አሳምነው። «ክሱን ከአካል ጉዳት ወደ ግድያ አዛውሪልኝ። ሌላ ሥራ የለውም።»

«ወረቀቶቹን ልያቸው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሳቀባት። እሷ ግን ሁለተኛውን ንባብ ሳትጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች። የአስከሬን ምርመራው በአማርኛ የተጻፈ ነው፦ የግራ ዓይን ጉድጓድ ጠርዝና ጣሪያ ተሰብሯል፣ ደም አንጎል ውስጥ ፈሷል፣ ቅንድቡ ላይ ባለች ትንሽ ቁስል ውስጥ ጥቁር ብናኝ ተገኝቷል። ሁለተኛው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ማክሰኞ ባሕር ዳር የተነሳው የሲቲ ስካን ውጤት። እሱ የሚለው ቀኝ ዓይን ነው።

«የጽሕፈት ስሕተት ነዋ!» አለ ኮማንደሩ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ስሜነሽ፤ ካፖርቷንም አነሳች።

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የክንዴ እናት እማማ እመቤት ናቸው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከዚያ በር አልተነሱም። ስሜነሽን ሲያዩ እግሯን ያዙ።

«ልጄ፣ ያለ እሱ ማንም የለኝ። ረቡዕ ነፍሰ ገዳይ ካላችሁት እኔም አገር መልቀቄ ነው። የሟች ዘመዶች ‹ደም ያለበት ቤት ከመካከላችን ይነሳ› ብለው ላኩብኝ። ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው የታገሡኝ። በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ?» አሉና ልቅሶው ሲያይልባቸው ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ አዊኛ ተመለሱ።

«እማማ፣ ይነሱ። ቀዝቃዛ ነው» አለች ስሜነሽ። ያልያዘችውን ተስፋ መስጠት አትወድም።

ክንዴ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

«ገደልኩት። ይጻፉት» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አራት ዓመት መተከል ለቀን ሥራ ሄጄ ስመለስ፣ የእናቴ መሬት ላይ ዲከረንስ፣ ያ የከሰል ዛፍ፣ በቅሎበት አገኘሁ። ድንበራችንን አልፈው ነው የተከሉት። እናቴ ፈርታ ዝም ብላለች። ትዕዛዙን ስጠይቀው ‹እኔ አላውቅም› አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ።»

«በየትኛው እጅህ መታኸው?»

ግራ እጁን አነሳ። ግራኝ ነው።

«ስንቴ?»

«አንዴ። አንዴ ብቻ።»

ፊት ለፊት የቆመን ሰው በግራ ቡጢ የመታ፣ ቀኝ ፊቱን ነው የሚያገኘው። ስሜነሽ ይህን ልጁ ፊት አልተናገረችም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የሟች መንደር ስትደርስ፣ የትዕዛዙ ታላቅ ወንድም አዝመራው ከዲከረንሱ ጥግ ከሰል በጆንያ እየሞላ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሥራ መያዙ አይገርምም፤ ከሰል ሐዘን አይጠብቅም፣ ካልጠበቁት አመድ ሆኖ ያድራል። እጁን ጠራርጎ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ሲናገር ዓይኑን እንባ ይሞላዋል።

«ያን ቀን አዘና ገበያ ነበርኩ፤ ጠቡን አላየሁም። ማታ ስደርስ ፊቱ ሁለቱም ወገን እንደ ቅል አብጧል። ማክሰኞ ሚስቱ ባሕር ዳር ወሰደችው። ውጤቱ ቶሎ አልደረሰም ብለው ሐሙስ እኔ ሄጄ ፊልሙን አመጣሁ።»

«ለማን ሰጡት?»

«ለዶክተር ኪዳኑ፣ እንጅባራ ያለው ክሊኒክ። ትዕዛዙን መንገዱ ያንገጫግጨዋል ብለን ቤት ተውነው። ዶክተሩ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በጣቱ አሳየኝ። የግራ ዓይኑ አጥንት ወርዷል።»

«ድገሙልኝ።»

«የግራ ዓይኑ። ሐሙስ ዕለት በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ያ ልጅ ነው የጨረሰው፤ እግዜር ይይለት።»

«ቅዳሜ ቀን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። እንጨት ስፈልጥ።»

እታለማሁ ጥቁር ለብሳ ከመደቡ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅ የላትም፤ አልቅሳ ጨርሳዋለች።

«ቅባቱን ታደርጊለት የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«ጠዋትና ማታ።»

«የትኛው ዓይኑ ላይ?»

«ቀኙ ላይ ነዋ። ዶክተሩ ሰኞ ዕለት ቀኙን ነው ከፍቶ ያየው።»

«ቅዳሜ የደማው ግን ግራው ነው። አልገረመሽም?»

እታለማሁ ቀና አለች። «ሕመሙ የተዛወረ መሰለኝ። እንዴት ነው ብዬ ማንን ልጠይቅ? ማን ጠየቀኝ?»

«ባልሽ ከመሞቱ በፊት ምን ይል ነበር?»

«ለእሑድ ሽማግሌ ተጠርቶ ነበር። ‹ልጁ እውነቱን ነው፤ ድንበሩን ያለፈው ወንድሜ ነው። ሽማግሌ ፊት እናገራለሁ፤ ዲከረንሱ ይነቀላል፤ ልጁም ይፈታ› አለኝ። ዓርብ ማታ ለአዝመራውም ነገረው። አዝመራው ‹ጥሩ› ብሎ ወጣ።»

ስሜነሽ ይህንንም አስደገመቻት።

ከዚያ እታለማሁ እንደነገረቻት ትዕዛዙን ወደ ዳሰሱት ወጌሻ ገበየሁ ሄደች። ሽማግሌው ፖሊስ ሲያዩ ፊታቸው ዓመድ መሰለ።

«አልነካሁትም» አሉ ሳይጠየቁ።

«አያ ገበየሁ፣ ነክተውታል። ሚስቱ ነግራኛለች። ልከስዎ አልመጣሁም። ጣትዎ ምን እንዳገኘ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ዘርግተው አዩት። «ረቡዕ ነው። ጉንጩን ከሁለቱም ወገን ዳሰስኩት። የቀኙ ጉንጩ ደንዝዟል፤ ጥፍሬን ባሳርፍበት አይሰማውም። ጠርዙ ሙሉ ነው፤ የተሰበረው ከውስጥ ነው። የዓይንን ውስጥ እጅ አይገባውም፣ ሐኪም ይየው ብዬ ተነሣሁ።»

«የግራውስ?»

«ግራው እብጠቱ ተሻግሮበት ቆዳው ነው እንጂ ያበጠ፣ አጥንቱ ጤነኛ ነው። ቅንድቡን ዙሪያውን በአውራ ጣቴ ሄጄበታለሁ።»

«ቀብር ላይ ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«‹ወጌሻው አሽቶ ገደለው› ቢሉኝስ?»

ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ሰው በትንሹ ይወነጀላል። ነገር ግን በሽማግሌው ዝምታ አንድ ወጣት ለመሰቀል እየተሰናዳ ነበር። ስሜነሽ ተናደደች፤ ንዴቷን ውጣ አመስግና ወጣች።

ዶክተር ኪዳኑ ፊልሙን ከመሳቢያው አውጥቶ መብራቱ ላይ ሰቀለው። በጥቁር ላይ ነጭ፣ የትዕዛዙ ፊት አጥንት በስሱ የተከተፈ ይመስላል።

«የዓይን ጉድጓድ እንደ ቤት ነው» አላት። «ወለል፣ ጣሪያ፣ ግድግዳ አለው። ጠርዙ ወፍራም ነው፤ ወለሉ ግን ከእንቁላል ቅርፊት አይወፍርም። ቡጢ ሲያርፍበት ጠርዙ ይችለዋል፤ ግፊቱ ወደ ውስጥ አልፎ ወለሉን ይሰብረዋል። የትዕዛዙም እንዲሁ ነው። ይኸው ቀዳዳው። ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር በዘጠኝ።»

«ብዙ ነው?»

«የጣት ጥፍር ያህል ነው። ከወለሉ ግማሽ ቢበልጥ፣ ወይም ዓይኑ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ለቀዶ ሕክምና እልከው ነበር። የእሱ አንዱንም አያሟላም። ‹አትናፈጥ፣ ከባድ አታንሳ፣ ቅባቱን ተጠቀም› ብዬ በወንድሙ ልኬበት፣ እብጠቱ ሲወርድ በሁለተኛው ሳምንት ደግሜ ልለካው ቀጥሬዋለሁ።»

«ከዚህ ሰው ይሞታል?»

«ከዚህስ አይሞትም። ለዚህ ነው የሞቱ ወሬ እንቅልፍ የነሳኝ።»

ስሜነሽ የአስከሬን ምርመራውን ሰጠችው። አነበበ፤ ፊልሙን አየ፤ እንደገና አነበበ። ማስመሪያ አንስቶ ሌላኛውን ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ጎን ለካ።

«ኢንስፔክተር፣ ማክሰኞ ዕለት የግራ ጉድጓዱ ጣሪያውም ጠርዙም ጤነኛ ነበር። ይሄ ወረቀት የሚለው ሌላ ስብራት ነው። ጠርዝ ሰብሮ ጣሪያ የሚያወርድ ቡጢ የለም። ብረት ነው።»

«ሐሙስ ለወንድሙ ሲያሳዩት ‹ቀኝ› ብለው ነገሩት?»

ዶክተሩ አሰበ። «በሽተኛ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ‹እዚህ ጋ አጥንቱ ወርዷል፣ ግን ትንሽ ነው› አልኩና በጣቴ ጠቆምኩት። ቀኝም ግራም አላልኩም።»

«ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ቤት የሚያነበው አለ?»

«የለም።»

ስሜነሽ ለረጅም ጊዜ ፊልሙን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ለነገ ጠዋት ፊልሙንና መብራቱን እንዲያዘጋጅላት ለመነችው።

ማክሰኞ ጠዋት የዶክተር ኪዳኑ ክፍል ሞላ። እታለማሁና አዝመራው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወጌሻው ገበየሁ ጥግ ይዘዋል። ኮማንደር አሳምነው ሰዓቱን እያየ በሩን ተደግፏል። እማማ እመቤትን ስሜነሽ ራሷ ደግፋ አስገባቻቸው። ክንዴ በካቴና፣ በፖሊስ ታጅቦ ገባ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

«ዶክተር» አለች ስሜነሽ፣ «ሐሙስ ለአቶ አዝመራው እንዳሳዩት አድርገው ያሳዩን። ምንም አይናገሩ።»

ዶክተሩ ፊልሙን ሰቀለ። ጣቱን ከፊልሙ በግራ በኩል አሳረፈ።

«አቶ አዝመራው፣ እንዲህ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር። ግራው።»

«ድገሙልኝ።»

«ግራው ነው አልኩኮ!»

«እታለማሁ፣ ቅባቱ የት ነበር የሚደረገው?»

«ቀኙ ላይ።»

«አያ ገበየሁ?»

«ቀኙ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ፊልሙ ተሳስቷል?» አለ ኮማንደሩ።

«አልተሳሳተም» አለ ዶክተሩ። «ፊልሙ ላይ በሽተኛው ፊት ለፊታችን እንደቆመ ነው የሚታየው። በእኔ ግራ ያለው የእሱ ቀኝ ነው። ጥጉ ላይ ያለችው የእንግሊዝኛ ፊደልም ቀኝ ማለት ናት። እኛ ለምደነዋል፤ ያልለመደ ሰው በግራ ያየውን ግራ ይለዋል።»

አዝመራው ፊልሙን አፍጥጦ አየ።

ስሜነሽ ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ቀጠለች። «ትዕዛዙ ላይ ሁለት ስብራት አለ። አንዱ የሰኞ ነው። ክንዴ ግራኝ ስለሆነ ቀኙን መታው፤ ወለሉ ተሰበረ፤ አሥራ ሁለት በዘጠኝ። ፊልሙ፣ ወጌሻው፣ ሚስቱ፣ ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። ሁለተኛው የግራው ነው። ማክሰኞ በፊልም፣ ረቡዕ በአያ ገበየሁ ጣት ጤነኛ ነበር፤ ቅዳሜ ተሰብሮ ተገኘ። ቅዳሜ ክንዴ የት ነበር?»

«እኛ ዘንድ» አለ ኮማንደሩ ቀስ ብሎ።

«እኛ ዘንድ። ስለዚህ ሰው ገብቶ የተኛውን ትዕዛዙን መታው። ይህ ሰው ጉሮሮውን አላነቀም፣ በቢላ አልወጋም። ያበጠ ፊት ላይ፣ ዓይኑ ላይ መታው፤ ቁስል እንዳይሰፋም ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ። ለምን? ሞቱ የክንዴ ቡጢ እንዲመስል። እንዲህ ያሰበ ሰው የሚመታው የተሰበረውን ዓይን ነው። ግን ሳተ፤ ጤነኛውን መታ። እንግዲህ የተሰበረው ግራ ነው ብሎ የሚያምን ማነው? እታለማሁ ብትሆን ቅባት የምታደርግበትን ታውቃለች። አያ ገበየሁ ዳስሰውታል። ዶክተሩ ለክተውታል። ፊቱ በሁለቱም ወገን አብጦ ስለነበር በዓይን አይለይም። ከፊልሙ ሌላ ምንም ያላየ፣ ፊልሙንም ማንበብ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

እታለማሁ ከወንበሯ በቀስታ ሸሸት አለች።

«ቅንድቡ ላይ የተገኘው ጥቁር ብናኝ የከሰል ነው። ብረቱ የተጠቀለለው በከሰል ጆንያ ነበር። ዛሬ ማለዳ ከአቶ አዝመራው ከሰል ጉድጓድ ውስጥ፣ ከጫፉ የተቃጠለ ጆንያና መጥረቢያ አግኝተናል። በጆንያው ላይ ደም አለ። ዓርብ ማታ ትዕዛዙ ‹እሑድ ለሽማግሌ እውነቱን እናገራለሁ፣ ዲከረንሱ ይነቀላል› ብሎት ነበር። ትዕዛዙ ከሞተ ግን የሚናገር የለም። ክንዴ ገዳይ ከተባለ እናትየው በደም አገር ትለቃለች፤ መሬቱም ያለ ጠያቂ ይቀራል።»

«ዶክተሩ ግራውን ነው ያሳየኝ!» ብሎ ጮኸ አዝመራው። «ግራውን!»

የተናገረው ለራሱም ዘግይቶ ተሰማው። ተቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ዛፉ ለመቆረጥ አንድ ዓመት ነበር የቀረው» አለ በእጁ ውስጥ። «አራት ዓመት የለፋሁበት። ‹ተወኝ፣ አንድ ዓመት ብቻ ዝም በል› አልኩት። እንቢ አለኝ። ተንበርክኬ ለመንኩት።»

ካቴናው ከክንዴ እጅ ወደ እሱ ተዛወረ። ሲያወጡት እታለማሁ ዞራ አላየችውም።

ዶክተር ኪዳኑ መብራቱን አጠፋ። «አንዲት ቃል ነበረች» አለ። «‹ቀኝ› ብዬው ቢሆን…»

«ቢሉት ኖሮ ቀኙን ይመታ ነበር» አለች ስሜነሽ። «ያኔ ሁለቱም ወረቀቶች ይስማሙ ነበር፤ እኔም አልጠይቅም ነበር። ይህ ልጅ ነገ ፍርድ ቤት ይቆም ነበር።»

እማማ እመቤት ልጃቸውን አቅፈው ጉንጩን፣ አንገቱን፣ እጁን ይስማሉ። «ተነስ፣ ልጄ፣ ቤት እንሂድ። በዋስ ተፈታህ እኮ።» ክንዴ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ዶክተሩን ነበር የሚያየው።

«ዶክተር፣ እኔ የሰበርኩት ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር። ያለ ቢላ።»

«ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?»

«ስምንት፣ ዘጠኝ ቀን።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ፤ ሲታሰር ያላለቀሰውን። «እኔ ባልመታው እኮ ቅዳሜ ማሳ ላይ ነበር የሚውል። ደጃፉ ላይ ሰው እያየው። አልጋ ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»

ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም። ኮማንደሩ ኮፍያውን ይዞ መሬት መሬቱን አየ።

የተነሳችው እታለማሁ ናት። ከጠቡ ቀን ጀምሮ የእነ ክንዴን ቤት ስም ጠርታ አታውቅም። መጥታ ልጁ ፊት ቆመች።

«ባሌን ቀበርኩ። ዋርሳዬን ደግሞ አሁን ወሰዱት» አለች በዚያ በጠፋ ድምፅዋ። «ቤቴ ወንድ የለም። ለአርባው ዳስ የሚጥልልኝ ሰው የለኝም። አንተ ትጥላለህ።»

ክንዴ ቀና ብሎ አያት፤ የሰማው ነገር እውነት አልመስል ብሎት።

«ተነስ» አለችው። «እናትህንም ያዛት፤ ደክሟታል።»

ተነሳ።